ለእንግዳ የተረጨ ሜዳ

እኚያ ሰው ለምን ዝም አሉ? ይህን ጥያቄ ስመላልሰው ኖሬያለሁ፤ ዛሬም መልስ የለኝም። ሌላውን ሁሉ አውቃለሁ። ውኃውን ማን እንዳስደፋ፣ የት ላይ እንደ ተደፋ፣ የአውሮፕላኑ ጎማ በየት በኩል እንደ ሰመጠ፣ ከተማው በማን ላይ እንደ ተነሣ አውቃለሁ። የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ግን አንዲት ቃል ተናግረው ራሳቸውን ማዳን ሲችሉ ለምን አፋቸውን እንደ ዘጉ አላውቅም። ከእስር እንደ ወጡ ቤተሰባቸውንና ከብታቸውን ይዘው ወደ ፊልቱ አቅጣጫ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ባገኛቸውና ብጠይቃቸውም የሚነግሩኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በዚያ ዘመን ነገሌ ውስጥ ዘበኛውን ትልቅ ትንሹ «አንተ» ይላቸው ነበር። የአክስቴን ባል ግን ሁሉም «አንቱ» ይለው ነበር፤ እኔም ጭምር። ይህን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አንቱታውን ለሚገባው ሰጥቻለሁ።

እናትና አባቴን በልጅነቴ አጥቼ ያደግሁት በአክስቴ ቤት ነው። ባሏ ጣልያን ከወጣ በኋላ ከሰሜን ከመጡት ሹማምንት ጋር ጸሐፊ ሆኖ ወረደ፤ ቆየት ብሎ ጽሕፈቱን ትቶ የቆዳ ንግድ ያዘና ሀብታም ሆነ። እኔን ትምህርት ቤት ያስገባኝ እኩዮቼ ልጅ አዝለው ውኃ በሚቀዱበት ዕድሜ ነው፤ እሱም አክስቴ ስንት ለምናው። ከወገቤ በማይበልጡ ልጆች መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ «እማማ፣ ሰሌዳውን ከለሉን» ይሉኝ ነበር። አልተቀየምኳቸውም፤ በእርግጥም ከልያቸው ነበር። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቼ አነብ ነበር። በዚያ ቤት ማንበቤ የምሳ ሰዓት መሳቂያ ነበር።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር። ሜዳ ስል እሾሁ ተመንጥሮ የተደለደለ ቀይ መሬት ማለቴ ነው። ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን አልፎ አልፎ እየመጣ ፖስታና ሹም ያወርድ ነበር። ዘበኛው ድምፁን ከሩቅ ሲሰሙ ከብቱንና ከርከሮውን ከሜዳው ያባርራሉ፤ ከዚያ እርጥብ ቅጠል አንድደው ያጨሳሉ፤ አብራሪው ነፋሱን በጭሱ ያውቃል። ጃርሳ፣ ማለትም ሽማግሌ፣ የሚባሉበት ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር፤ ሲሮጡ ግን አይመስሉም። ከተማው እሳቸውን የሚያውቀው አቧራ ውስጥ በትር ይዘው ሲሮጡ ብቻ ነው።

ከዚያ ወሬው መጣ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢም ባሕር ማዶ ለሚሻገር ትልቅ አውሮፕላን መስመር ሊከፈት ነው፤ በደቡብ ቆላ አንድ ቦታ ብቻ ያርፋል፤ ግን ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል ተባለ። ወይ ነገሌ፣ ወይ ያቤሎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ልቡን ሳተ። ከነገሌ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ስለ ናይሮቢ የአየር ጠባይ ይከራከር ጀመር። አንዱ በጠዋት ያረደውን ከብት ከሰዓት በኋላ ዐረብ አገር ሊሸጥ፣ ሌላው ለፈረንጅ አልጋ ሊያከራይ አሰበ። የአክስቴ ባል ፎቅ ያለው ሆቴል አሰበ፤ ፎቁን ብቻ እንጂ ደረጃውን የት እንደሚያደርገው ገና አልወሰነም ነበር። ያቤሎ ዘመድ ያለው ሰው ገበያ ላይ ሰላምታ አጣ። ጠጅ ቤት ውስጥ «ያቤሎዎች የመኪና መንገዱን ወስደዋል፤ ሰማዩን ደግሞ ይተዉልን» ይባል ነበር። ከያቤሎ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ እናንተ ሜዳ ላይ እንኳን አውሮፕላን አሞራም ተንደርድሮ አይነሣም ብሎ ስቆ ጥርሱን አጣ። የመታው ሰው የምስጋና ጠጅ ተጋበዘ።

እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። ስምንተኛን ጨርሼ ለመምህርነት ሥልጠና ስሄድ፣ በዚያ አውሮፕላን መስኮት በኩል ይህን ከተማ ቁልቁል ሳየው ይታየኝ ነበር። ትንሽ ሆኖ ላየው በጣም እጓጓ ነበር።

ሜዳውን የሚያስረዝም ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው የአክስቴ ባል ሆነ። ሜዳው መርዘም የሚችለው በአንድ በኩል ብቻ ነበር፤ በዚያ በኩል ደግሞ ቦረናዎች ከብታቸውን ወደ ኤላው፣ ወደ ጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ የሚነዱበት መንገድ ነበር። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የከብት ኮቴ የቆፈረው ስለሆነ እንደ ቦይ ጎድጉዷል። የዘበኛው ወንድሞችም በዚያው ነበር የሚነዱት። ሽማግሌዎቻቸው መጥተው ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጡ፤ ነገ ኑ ተባሉ፤ ነገም ነገ ኑ ተባሉ። እነሱ እየተመላለሱ ሳለ መንገዱ በአፈር ተሞላ። እኛ ተማሪዎች በሣፋ አፈር ተሸክመናል፤ የከተማው ሴቶችም ተሸክመዋል። የአክስቴ ባል ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር፤ ያቤሎዎች ቀድመው እንዳይጨርሱ። ድንጋይ የሞላ በርሜል አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ አስጎትቶ ተጠቀጠቀ አለ።

ከአየር መንገዱ ኩባንያ የሚመጡት ሰዎች ሜዳውን የሚያዩበት ቀን ደረሰ። ከባድ በጋ ነበር። ከሜዳው ዳር ዳስ ተጥሎ ነበር፤ እኔ በማለዳ ተልኬ ጠረጴዛዎቹን ጨርቅ አለብስ ነበር። ሰው ሁሉ ልብስ ሊቀይር ወደ ቤቱ ሄዷል። በዳሱ ጀርባ ለእጅ መታጠቢያና ለወጥ ቤቶቹ ተብሎ ውኃ የሞሉ በርሜሎች ቆመው ነበር፤ ዘበኛው ይጠብቋቸዋል።

የአክስቴ ባል መጣ። አዲስ የተደለደለውን አፈር ቆሞ አየው። ነፋስ ተነሥቶ ቀይ አቧራውን ፊቱ ላይ በተነበት። እኔን አላየኝም፤ የዳሱ ቅጠል ጋርዶኛል።

«እንግዶቹ የሚወርዱት እዚያ ጫፍ ላይ ነው» አለ። «በርሜሎቹን ውሰድና አዲሱ አፈር ላይ ድፋ። በደንብ ይራስ፤ አቧራ ማየት አልፈልግም።»

ዘበኛው ውኃው ለወጥ ቤቶቹ መሆኑን አስታወሱት።

«ሌላ ይመጣል። ድፋ ስልህ ድፋ።»

«እሺ ጌታዬ» አሉ።

እሱ ካባውን ሊለብስ ሄደ። እሳቸው በርሜሎቹን አንድ በአንድ እያንከባለሉ ወስደው አፈሰሱ። ሲመለሱ እኔን አዩኝና ሳቅ አሉ። «ኢንታላ፣ ዛሬ መሬቱ ከላሞቼ ቀድሞ ጠጣ» አሉኝ። ኢንታላ ማለት ልጅት ማለት ነው። እኔም ሳቅኩ። ለእንግዳ ደጅ ውኃ መርጨት የእኛ ቤት ወግ ነው፤ እኔ ራሴ በየበዓሉ እረጭ ነበር። ቄጠማ በሌለበት በረሃ ውኃ ከመርጨት በላይ ምን ክብር አለ? አውሮፕላን የሚያርፍበትን መሬት እንደ ቤት ደጃፍ ማሰብ የእኛ ብቻ ስሕተት ነው፤ ሌላ ማንም የሚሠራው አይመስለኝም። ስሕተቱ ብቻ ቢሆን ይቅር እል ነበር። ይቅር የማልለው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

እንግዶቹን የያዘው ዳኮታ መጣ፤ ጭሱን አይቶ ዞረ፤ ወረደ። አሮጌውን ሜዳ ሮጦ ጨርሶ አዲሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግራ ጎማው በድሮው የከብት መንገድ ላይ ሰመጠ። ጭራው ተነሣ፤ የግራ ክንፉ ፕሮፔለር መሬቱን መትቶ ተጣመመ፤ ተንጋዶ ቆመ። የእንኳን ደህና መጣችሁ መዝሙር የሚዘምሩት ተማሪዎች መምህሩ አቁሙ ስላላላቸው እስከ መጨረሻው ዘመሩ። ሰው አልተጎዳም። እንግዶቹ በመሰላል ሲወርዱ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ገባ። በዚያ በጋ ነገሌ ውስጥ ጭቃ የነበረው እዚያ ብቻ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው የአክስቴ ባል ነበር። ሕዝቡ ከቦ ሳለ ወደ ዘበኛው ዞሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ይህን ውኃ ማን አፈሰሰው ብሎ ጠየቃቸው። ዘበኛው ለረጅም ጊዜ ፊቱን አዩት።

«እኔ» አሉ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ሌላ የጠየቃቸውም የለም። ከሰው መካከል አንዱ፣ የከብት መንገዳቸው ስለ ተደፈነ ነው አለ። ሁለተኛው ደገመው። ፖሊሶች ሲወስዷቸው ከተማው ሁሉ ነገሩን ከአባቱ እንደ ሰማው ተረት በቃሉ ይዞት ነበር።

የኩባንያው ሹማምንት በመኪና ሄዱ፤ መለዋወጫ እስኪመጣለት አውሮፕላኑን እያሰናዳ የሚጠብቅ አንድ ወጣት መሐንዲስ ቀረ። ነገሌ ትሁን ወይስ ያቤሎ የሚለውን አስተያየት የሚሰጠውም እሱ ነበር። ያኔ ነው የነገሩ ክፋት የገባኝ። ሜዳው በራሱ ከሰመጠ፣ ወይም ውኃውን ኮሚቴው ካስደፋው፣ ነገሌ አውሮፕላን ማሳረፍ የማያውቁ ሰዎች ከተማ ናት፤ መስመሩ ያቤሎ ይሄዳል። አንድ ቂመኛ ዘበኛ ሆን ብሎ ካበላሸው ግን ሜዳው ጤነኛ ነው፤ ሰውዬው ይቀጣል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ እንግዶቹ እንደገና ይጠራሉ። ከተማው ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበር፤ አግኝቷል፤ ሊለቀው አልፈለገም። ኮሚቴው መሐንዲሱን በየቀኑ ምሳ እያበላ ይህንኑ ይነግረው ነበር። ዘበኛው ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ነው፤ የመንግሥት ንብረት በማጥፋት ነው፤ ብዙ ዓመት ያስፈርዳል ተባለ።

አንድ ቀን ለአክስቴ ባል ምሳ ሳቀርብለት ብቻውን ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ጠዋት እኔ ዳሱ ውስጥ ነበርኩ» አልኩት።

መጉረሱን አላቋረጠም። «ዳሱ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ጠረጴዛ ጨርቅ አለብስ ነበር።»

«እንግዲያው ያየሽው ጨርቅ ነው።»

እጁን ታጠበ። ፎጣውን ስሰጠው፣ ከሀገረ ማርያም አንድ ቡና ነጋዴ ለትዳር እንደሚጠይቀኝ፣ እስካሁን ትማር ብሎ እንደ መለሰው፣ ሰውዬው ግን ትዕግሥተኛ መሆኑን ነገረኝ። ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። ስለ ገበያ የሚያወራ ይመስል ነበር።

አክስቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ በኋላ ክንዴን ያዘችኝ። ሰውዬው አገሩ ነው፣ አስረው አስረው ይለቁታል፣ ከብቱን ነድቶ ይሄዳል፤ እኛ ግን ከዚህ ቤት ብንወጣ የት እንሄዳለን አለችኝ። ይህን ስትል አልቅሳለች። ባታለቅስ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያው ድረስ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው ተማሪ መሆኔን አይቶ አስገባኝ። ዘበኛው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ በኦሮምኛ ሰላምታ አካም አልኳቸው፣ ናጋ አሉኝ፤ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። ስለ ራሳቸው ምንም አላነሡም። እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ ለምን አይናገሩም፣ ያዘዘዎት ሰው ይታወቃል አልኳቸው።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው የሚያውቅ ሰው አለ» አሉና ዳቦውን ቆርሰው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ።

ስለዚህ ዝምታ ብዙ አስቤያለሁ። ፈርተው ነው እንዳልል፣ ከርከሮን በበትር የሚገጥሙ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ሥር የሚሮጡ ሰው ነበሩ። ሥራው ላይ ያስቀጠራቸው የአክስቴ ባል ስለሆነ ውለታ ይዟቸው ነው እንዳልል፣ የወንድሞቻቸውን መንገድ የደፈነውም እሱው ነው። አያምኑኝም ብለው ይሆናል፤ ግን ሰው አያምነኝም ብሎ እንኳ ይናገራል። አንዳንዴ ደግሞ ሜዳው መበላሸቱ በልባቸው ደስ ብሏቸው፣ ያን ደስታ እንደ በደል ቆጥረውት ይሆን እላለሁ። ለዚህም ምንም ማስረጃ የለኝም። የሚናቅ ሰው ሲናቅ ኖሮ አንድ ቀን እሱም በተራው ንቆን ይሆን? ያ ፊቱን ያዩበት አስተያየት አሁንም ይመጣብኛል፤ ቁጣ አልነበረበትም።

መሐንዲሱ አስተያየቱን ሰጥቶ ሊሄድ ነው በተባለበት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዘበኛው ሚስት በራችን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ለልመና አልመጣችም። ባሏ መቼ እንደሚፈረድባቸው ከሰብሳቢው ልትሰማ ነው የመጣችው። የአክስቴ ባል ወደ በሩ ብቅ አለ፤ ነገሩ በመንግሥት እጅ ነው፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ አላት። ከዚያ ወደ ቤት ጮኸ፤ ለዚች ሴት በቆሎ ስጧት፣ ልጆቿ ምን አጠፉ አለ። በጆንያ መጣላት። ሴትዮዋ ተነሣች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ በኦሮምኛ መረቀችው። ከብትህ ይርባ፣ ልጅህ ይደግ፣ ሰላም እደር አለችው። እሱም አሜን አለ። ጎንበስ ብሎ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ አሜን አለ።

ደብተሬን እንደ ያዝኩ ዞሬ ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሜዳው ስደርስ መሐንዲሱ እጀታውን ጠቅልሎ ክንፉ ሥር ቆሟል።

«ተማሪ፣ እዚህ አይቀረብም» አለኝ።

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ውኃውን ዘበኛው ነው ያፈሰሰው የምትዪኝ ከሆነ መቶኛ ነሽ። ከመምጣቴ ጀምሮ ሌላ የነገረኝ ሰው የለም።»

«አፍስሰዋል። ያዘዛቸው ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። አቧራ እንዳይነካችሁ ብሎ ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚዋሸው አሁን ነው።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረበኝ። እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቀኝ፤ የት ቆሜ እንደ ሰማሁ ወስጄ አሳየሁት። ዳሱ ፈርሶ ቋሚዎቹ ብቻ ቀርተው ነበር። አዲሱ አፈር ከየት ጀምሮ እስከ የት የድሮ የከብት መንገድ እንደ ነበረ፣ እኔም ራሴ በሣፋ አፈር እንደ ተሸከምኩበት ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ጫር ጫር አደረገው።

«ይህን ይዤ ከሄድኩ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«ትልቁ አውሮፕላን ያቤሎ ያርፋል።»

«ከተማው ምን ይልሻል?»

«እስካሁንም ብዙ ብሎኛል።»

«ሰብሳቢው ምንሽ ነው?»

«የአክስቴ ባል ነው። የምኖረው እሱ ቤት ነው።»

«ጠላትሽ ነው?»

ጥያቄው ቀጥተኛ ስለነበር አሰብኩበት። «ከዛሬ ጀምሮ» አልኩት።

ለእሱ መንገሬ ብቻ ሰውዬውን እንደማያስፈታ፣ ጣቢያ ሄጄ ለመቶ አለቃው በራሴ አፍ ማለት እንዳለብኝ ነገረኝ። ለሥራው በተሰጠው መኪና ውስጥ አስገባኝ። የገበያ ቀን ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በቆዳ ተራ መካከል፣ በአክስቴ ባል ሱቅ ፊት ለፊት አለፍን። ሱቁ ደጃፍ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን አዙረው ተከተሉኝ። የአክስቴ ባል እጁን ለሰላምታ አንሥቶ እኔን ሲያይ እንዳነሣው ቀረ።

መቶ አለቃው ዘበኛውን አስጠራቸው። መጥተው ግድግዳው ጋ ቆሙ፤ አዩኝ። መቶ አለቃው፣ ሴት ልጅ በአሳዳጊዋ ላይ ስትመሰክር አይቶ እንደማያውቅ፣ አስቤበት እንደሆነ ጠየቀኝ። አስቤበታለሁ አልኩት። ድምፄ አልሰማ ብሎት እንደገና በይ አለኝ። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ክፍል ውስጥ መልስ ስሰጥ እንደማደርገው።

«ውኃውን ያስደፋው የአክስቴ ባል ነው» አልኩ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ድፋ ስልህ ድፋ ነው ያላቸው።»